«ጓሳ» በቁጥር ሲፈታ

የኮምፒዩተር የቋንቋ ሞዴል አንድን ቃል «ተረዳ» ሲባል እንሰማለን። ይህን አነጋገር፣ ሥራውን ለማሽን አሳልፎ መስጠት የጀመረ ተርጓሚ ሁሉ ሊመረምረው ይገባል።

የአሠራሩ መሠረት ዐዲስ አይደለም። ዜሊግ ሐሪስ በ1954 እ.ኤ.አ.፣ ጄ. አር. ፈርዝም በ1957 እ.ኤ.አ. የቃል ፍች ከጎረቤቶቹ ሊታወቅ እንደሚችል አመልክተዋል። ከ2013 እ.ኤ.አ. ወዲህ የተስፋፉት ስልቶች ይህንኑ ሐሳብ ወደ ስሌት መለሱት፤ ቃሉ የቁጥሮች ረድፍ ይሆናል፤ ጎረቤቶቻቸው የሚመሳሰሉ ቃላት ረድፎቻቸው ይቀራረባሉ። የመዝገበ ቃላት አዘጋጅም ጥቅሶችን በካርድ ሲለቅም የኖረው ከዚህ ብዙ በማይርቅ መንገድ ስለ ሆነ፣ ስልቱን ማቃለል አይገባንም።

ጥያቄው ጎረቤቶቹ ከየት ተለቀሙ ነው። የመንዙን «ጓሳ» እንውሰድ። ለመንዝ ገበሬ ጓሳ አስቀድሞ ሣር ነው፤ ቤት ይከደንበታል፣ ገመድ ይሠራበታል። ሣሩ የሚበቅልበት ደጋም በዚሁ ስም ይጠራል። እስከ 1967 ዓ.ም. የመሬት ዐዋጅ ድረስ ባለመብቶቹ በጋራ ሥርዐት ለዓመታት ዘግተው፣ ሲፈቀድ ብቻ ያጭዱት ነበር። ስለዚህ በዚያ አገር ቃሉ ከማጨድ፣ ከመክደን፣ ከመዝጋትና ከመፍቀድ ጋር ይውላል። በዜናና በጉብኝት ጽሑፍ ግን ጎረቤቶቹ ቀይ ቀበሮ፣ ጭላዳና ጎብኚ ናቸው። ከዚህኛው ብቻ የተማረ ሞዴል «ጓሳ»ን ከ«ፓርክ» አጠገብ ቢያስቀምጥ በስሌቱ አልተሳሳተም። (ፊደላችን በዩቲኤፍ 8 አጻጻፍ ለእያንዳንዱ ሆሄ ሦስት ባይት ስለሚወስድ፣ አንዳንዱ ሞዴል ቃሉን ከሆሄ በታች ሰባብሮ ማንበቡ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው።)

የቅርብ ጊዜ ሞዴሎች ፍችን በየዐረፍተ ነገሩ እንደ ገና ስለሚያሰሉ፣ «ቤቱን በጓሳ ከደነ» ቢባሉ ሣርነቱን ሊደርሱበት ይችላሉ። የመዝጋቱና የመፍቀዱ ሥርዐት ግን ካልተጻፈ ከየትም አይመጣላቸውም።

ስቴቫን ሐርናድ በ1990 እ.ኤ.አ. ያነሣው ችግር ከዚህ ይጠልቃል፤ ምልክት በምልክት ብቻ ሲፈታ ከምልክት ክበብ አይወጣም ይላል። መዝገበ ቃላትም «የሣር ዐይነት» ብሎ ሲፈታ ቃልን በቃል መፍታቱ ነው፤ ልዩነቱ፣ አንባቢው ሣር ዐይቶ ያውቃል። ይህ ክርክር ገና አልተዘጋም፤ በእኔ አስተያየት ለአማርኛ የሚቀድመው ግን የመጀመሪያው ጉድለት ነው፤ ምክንያቱም በሥራ ሊቃና ይችላል። ሣሩን ከሚያጭዱትና ከሚገምዱት ሰዎች አፍ የሚለቀም ንግግር፣ ከነቦታውና ከነዘመኑ ተመዝግቦ በጽሑፍ ስብስቡ ውስጥ መግባት አለበት። እስከዚያው በስያሜ ረገድ፣ ሞዴሉ ቃሉን «ተረዳ» ከማለት «ፍቹን ገመተ» ማለት ይሻላል።