ቃል የሚጠብቅ ሥዕል

በ1880 ዓ.ም. የሱዳን ደርቡሽ ጦር በገላባት በኩል ገብቶ ሳር ውሃ ላይ የጎጃሙን ንጉሥ የተክለ ሃይማኖትን ሠራዊት ድል ነሣ፤ ጎንደርንም አቃጠለ። አብያተ ክርስቲያናቱ ሲነዱ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ተረፈች። የአገሬው ሰው የንብ መንጋ ነው ያዳናት ይላል። በሱዳን በገዳሪፍና በቁረይሻ እርሻ ሰሊጥ ሊያጭድ ወርዶ በዚያው መንገድ የሚመለስ ወገኔን «ሥላሴን ሳታይ እንዳታልፍ» የምለው ግን በሌላ ምክንያት ነው። ሕዝብ ፊት ቆሞ በሥዕል ማስተማር እንዴት እንደሚሆን ከእሷ አብልጦ የሚያሳይ ቤት አላውቅም።

ሥዕሎቹ ግድግዳው ላይ በተለጠፈ ጨርቅ ላይ ያረፉ ናቸው። ፊቶቹን ቀረብ ብላችሁ እዩ። ጻድቁ ፊት ለፊት ተስሎ ሁለት ዓይኑ ይታያል፤ ክፉው ግን በጎን ዞሮ አንድ ዓይን ብቻ ይቀርለታል። ከኋላ የቆመ፣ ፊደል ያልቆጠረ ልጅ መምህሩ አፉን ሳይከፍት ማን ማን እንደሆነ ለይቶታል። መምህሩም ሰዎቹን በማስተዋወቅ ቃል አያባክንም፤ በቀጥታ ወደ ነገሩ ይገባል። ከፊቶቹ ጀርባ ያለው መደብ በአብዛኛው ባዶ ቀለም ነው፤ ዓይን የሚያባክን ተራራም ዛፍም አልበዛበትም። ዙሪያውን የከበበው ጥቁር መስመር ምስሉን ከሩቅ ያስነብበዋል። ጽሑፍ አለ፤ ግን ጥቂት ቃል ነው፣ ስም ወይም የታሪኩ ርእስ። ሠዓሊው የቀረውን ለተናጋሪው ትቶለታል። ይህ መተው ነው ትልቁ ጥበብ።

ጥሩ መምህር እዚህ ሲያስተምር ፊቱ ወደ ሕዝቡ ነው። ቀጭን ዘንጉን ዘርግቶ አንዱን ምስል ይነካል፣ ታሪኩን ይናገራል፣ ከዚያ ዘንጉን ያወርዳል። ዘንጉ ሲወርድ ዓይናችን ከሥዕሉ ወደ እሱ ይመለሳል። ቀጣዩ ሥዕል ተራውን ይጠብቃል።

በየአዳራሹ ግን ተናጋሪው ፕሮጀክተር አብርቶ፣ ጀርባውን ሰጥቶን፣ ሰሌዳ ሙሉ ጽሑፍ ያነብልናል። ማንበብማ እኛም እንችላለን። ታዲያ እሱ ለምን ቆመ? ያሳዝነኛል፤ የሚናገረው ነገር ያለው ሰው ራሱን እዚያ ጽሑፍ ውስጥ ሲቀብር ማየት።

እናም ከቁረይሻ የምትመጡ፣ ጎንደር ስትደርሱ ጎራ በሉ። ጎብኚው ሁሉ አንጋጦ የሚያየውን የጣሪያውን መላእክት ለኋላ አቆዩትና፣ አንዱን ቄስ «አባ፣ አንዲቱን ሥዕል ብቻ ያስተምሩኝ» ብላችሁ ጠይቁ።