የዝንጀሮ ራስ፤ ጌጥ ወይስ መጋጠሚያ?

በደብረ ዳሞ ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ወጥተው የሚታዩትን፣ በልማድ «የዝንጀሮ ራስ» የሚባሉትን የእንጨት ጫፎች ብዙዎች ጸሐፊዎች ከጌጥ ወገን ይመድቧቸዋል። ይህ አመዳደብ ከፊት ለፊት ቆሞ የማየት ውጤት ነው። የአናጢው ሥራ ያለው ግን ከግድግዳው ውስጥ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ድንጋዩ በጭቃ እየተካበ ሲሄድ በግድግዳው ውስጥና ውጭ ፊት ረዣዥም አግዳሚዎች ይጋደማሉ። በእነርሱ ላይ የግድግዳውን ውፍረት የሚያቋርጥ አጭር እንጨት ይጫናል፤ ይኸውም ከሥሩ ተፈልፍሎ አግዳሚውን ይነክሳል። ራሱ ወደ ውጭ መትረፉ አግዳሚው ከግድግዳው ተገፍቶ እንዳይወጣ ያግደዋል፤ እጅግ ቢያጥር ግን ከመንከሻው ጀምሮ ይሰነጠቅ ነበር። ስለዚህ ጌጥ ከመሆኑ አስቀድሞ ቍልፍ ነው።

በ1906 እ.ኤ.አ. ከጀርመን የአክሱም ጉዞ ጋር የመጣው አርክቴክት ዳንኤል ክሬንከር የአክሱም ሐውልቶች የእንጨትና የድንጋይ ሕንጻን መልክ የሚያሳዩ መሆናቸውን አስረድቷል፤ ሥራውም በ1913 ታትሟል። በሐውልቶቹ ላይ የተቀረጸው ራስ አንድም የሚይዘው ነገር የለውም፤ በዚያ «ጌጥ» ማለት ተገቢ ነው። ስሕተቱ የድንጋዩን ስም መልሶ ለእንጨቱ መስጠት ነው።

ሌላው ነቀፌታዬ ስለ መሣሪያ ነው። የእጅ ሥራ ይጸናል፣ የሞተር ሥራ ይላላል ሲባል እንሰማለን። በውጭ አገር ተማሪ ሳለሁ የወንዴና ሴቴ መጋጠሚያ በሞተር ሲፈለፈል አይቻለሁ። የሚሽከረከረው ስለት የሴቴውን ማዕዘን ክብ አድርጎ ስለሚተወው ሠራተኛው ወይ ማዕዘኑን በመሮ ያቀናል፣ ወይ የወንዴውን ጠርዝ ያከባል። ሁለቱም ይጸናሉ። የሚያጸናው የፊቶቹ ልክ መግጠምና የእንጨቱ ቃጫ አቅጣጫ እንጂ ስለቱን ያንቀሳቀሰው ኃይል አይደለም።

ልዩነቱ የሚከብደው ለእኛ ለመርማሪዎች ነው። በመጥረቢያ የተጠረበ እንጨት የቃጫውን አካሄድ ይከተላል፤ የጠራቢው ምትም በላዩ ይነበባል። የሞተር መጋዝ ቀጥ ብሎ ያልፋል። ዴሪክ ማቲውስ ደብረ ዳሞን በ1948 እ.ኤ.አ. አድሶ፣ በ1959 ከአንቶኒዮ ሞርዲኒ ጋር ጥናቱን አሳትሟል። መንከሻው በሙሉ የሚታየው ግድግዳ ሲከፈት ብቻ ነውና፣ ወደፊት በማናቸውም እድሳት የሚወጣው አሮጌ እንጨት ወደ ማገዶ ከመሄዱ በፊት መንከሻው ይለካ፤ ይሣል፤ የምቱም አቅጣጫ ይመዝገብ።