የምኑ ዕድሜ?

የዐለትን ዕድሜ መርምሮ መናገር ሙያው የሆነ ሰው ከሰዎች ዘንድ ዘወትር የሚሰማው ጥያቄ «ይህ ድንጋይ ስንት ዓመቱ ነው?» የሚል ሲሆን፣ መልሱን ከመስጠቱ አስቀድሞ እርሱ ራሱን የሚጠይቀው ግን «የምኑ ዕድሜ?» ብሎ ነው።

ለዚህ ምርመራ ከማዕድናት ሁሉ ተመርጦ ለምስክርነት የሚጠራው ዚርኮን ነው፤ ርዝመቱ ብዙውን ጊዜ ከአንድ ሚሊሜትር ሲሶ አይበልጥም። ዚርኮን ከቀለጠ ዐለት፣ ማለትም ከቅልጡ፣ ውስጥ ሲረጋ ዩራኒየምን በዚርኮኒየም ስፍራ ተቀብሎ ያኖራል፤ እርሳስን ግን ባሕርዩ አይስማማውምና ይገፋዋል፤ ስለዚህ ዛሬ በውስጡ የምናገኘው እርሳስ፣ ከእጅግ ጥቂቱ በቀር፣ ከዩራኒየም መፍረስ የተገኘ ነው። ዩራኒየም 238 በ4.47 ቢሊዮን ዓመት፣ ዩራኒየም 235 ደግሞ በ704 ሚሊዮን ዓመት እየተጋመሱ፣ የፊተኛው ወደ እርሳስ 206፣ የኋለኛው ወደ እርሳስ 207 ይለወጣሉ። የሁለቱ ቃል ሲስማማ ዕድሜው ይጸናል፤ ሲለያይ ግን አብዛኛውን ጊዜ እርሳሱ ጨረር በጎዳው የቅንጣቱ ክፍል በኩል አምልጧል ማለት ነው።

ዐለቱ ይወቀጣል፣ ይፈጫል፣ በወንፊት ይነፋል፤ ከዚያም ቀላሉ ማዕድን በከባድ ፈሳሽ ላይ ሲንሳፈፍ ከባዱ ይዘቅጣል፤ ማግኔት የሚስበውም ተለይቶ ይወጣል፤ በመጨረሻ የቀረውን በማጉያ መነጽር ሥር በቀጭን መርፌ አንድ በአንድ መልቀም ነው። ይህን ሥራ ዝቅ አድርገው የሚመለከቱ አሉ፤ በእኔ አስተያየት ግን ከቀድሞው ናሙና ተርፋ በመፍጫው ውስጥ የተሸሸገች አንዲት ቅንጣት በሐሰት ልትመሰክር ትችላለችና፣ መፍጫውን አጥርቶ የሚያጸዳው ሰው በመለኪያው ፊት ከሚቀመጠው አያንስም።

የተለቀሙት ቅንጣቶች በሙጫ ተይዘው እስከ አጋማሻቸው ከተሞረዱ በኋላ የኤሌክትሮን ጨረር ሲያርፍባቸው፣ ቀድሞ ያልታየው የውስጣቸው ሥርዓት በብርሃን ይገለጣል፤ በመካከል እምብርት፣ በዙሪያው ንብርብር፣ በዳር ጠርዝ ይታያል። በገዳም ዕቃ ቤት የተገኘ መጽሐፍ ድርሰቱ በአንድ ንጉሥ ዘመን ተደርሶ፣ ብራናው ግን ከብዙ ትውልድ በኋላ በሌላ ጸሐፊ እጅ የተገለበጠ ሊሆን እንደሚችል፣ በልውጥ ዐለት ውስጥ ያለው ዚርኮንም እምብርቱ የመጀመሪያውን ልደት፣ ጠርዙ የኋለኛውን ለውጥ ይዞ ይገኛል፤ ሁለቱን አደባልቆ የለካ ሰው የሚያገኘው ቁጥር ከቶ ያልነበረ ዘመን ነው።

በሰሜን ምዕራብ ካናዳ፣ በአካስታ ወንዝ አጠገብ የሚታየው ናይስ የተባለ ልውጥ ዐለት ይህን ከማናቸውም ይልቅ ያስረዳል። ዐለቱን የወለደው ቅልጥ የረጋው ከ4.03 ቢሊዮን ዓመት በፊት መሆኑን ዚርኮኖቹ መስክረዋል፤ ጠርዞቻቸው ግን ከዚያ በኋላ ዐለቱ ደጋግሞ የጋለባቸውን ዘመናት ያሳያሉ፤ በ2006 ዓ.ም. እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ደግሞ 4.2 ቢሊዮን ዓመት የሆነው፣ ዐለቱ ከቀደመው ምድር የወረሰው እምብርት በውስጡ መገኘቱ ተነገረ። እንዲህ ያለውን መለየት የተቻለው፣ የአዮን ጨረርን ከሚሊሜትር ሦስት መቶኛ በማይበልጥ ነጥብ ላይ የሚያሳርፈውን መለኪያ ዊልያም ኮምፕስተንና ባልደረቦቹ በካንቤራ ከሠሩ ወዲህ ነው።

በምሥራቅ ኢትዮጵያ ካሉት ጥንታውያን ግራናይቶችም አንዳንዶቹ ከራሳቸው ልደት እጅግ የቀደሙ የዚርኮን እምብርቶችን ይዘው ተገኝተዋል። የግራናይቱን ዕድሜ ብቻ ለሚሻ ሰው እነዚህ እንቅፋቶች ናቸው፤ እኔ ግን ለይቼ ለብቻቸው እለካቸዋለሁ እንጂ አልጥላቸውም፤ ቅልጡ ሲወጣ ያቋረጠውን፣ ዛሬ ከገጸ ምድር የማይታየውን አሮጌ ምድር ከነዘመኑ የሚናገሩት እነርሱ ናቸውና።