ከጳጉሜ ጀምሮ የሚነበብ ግምት

«ሲስተሙ 120 ገጽ አለው፤ ለአንዱ ገጽ 1 ቀን፤ ስለዚህ 120 ቀን።» እንዲህ ብሎ የሚጀምር የሥራ ግምት እጄ ሲገባ ቀሪውን የማነበው ለይሉኝታ ያህል ነው። በሌላው ከመፍረዴ በፊት ግን ኃጢአቴን ልናዘዝ። የአንድ መሥሪያ ቤት ሲስተም ከዌብ ፎርምስ ወደ ኤኤስፒ ዶት ኔት ኮር ይዛወር ሲባል እኔም ልክ እንደዚህ ቆጥሬ «3 ወር» ብያለሁ። በ9ኛው ወር ነው ያስረከብኩት።

ዌብ ፎርምስ ማይክሮሶፍት በ2002 እ.ኤ.አ. ከዶት ኔት ጋር ያወጣው አሠራር ነው። የገጹን ሁኔታ «ቪው ስቴት» በሚባል ስውር ሳጥን ጠቅልሎ በብራውዘሩና በሰርቨሩ መካከል ያመላልሰዋል። ግሪድ ቪው የሚባለው ሰንጠረዥ ደግሞ መደርደሩንም፣ በገጽ በገጽ መከፋፈሉንም፣ ማረሙንም ለብቻው ይወጣዋል። በ2016 እ.ኤ.አ. የመጣው ኮር ዌብ ፎርምስን አልተቀበለም። 40 መስመር ብቻ የነበረው ገጽ ሲዛወር ያ በዝምታ ይሠራ የነበረው ሁሉ በእጅ ይጻፋል። ስክሪን ላይ መንታ ከሚመስሉ ሁለት ገጾች አንዱ ግማሽ ቀን፣ ሌላው ሁለት ሳምንት ይበላል።

ስለዚህ ሥራውን የሚያውቅ ገማች ገጾቹን በየዓይነታቸው ይለያቸዋል፤ ከየዓይነቱም አንድ አንዱን በእርግጥ አዛውሮ የፈጀበትን ሰዓት ይጽፋል። ፕሮፖዛል ይዘው ለሚመጡ ልጆች የመጀመሪያ ጥያቄዬ «የትኛውን ገጽ አዛውራችሁ አያችሁ?» የሚል ነው። «ስለ እኛ» የሚለውን ገጽ ካሉኝ ሻይ ጋብዤ እሸኛቸዋለሁ። የደመወዝ ማስተካከያውን ካሉኝ ወንበሬን ጠጋ አደርጋለሁ።

ቀጥሎ ሰነዱ ውስጥ ጳጉሜን እፈልጋለሁ። ዶት ኔት የዕብራይስጡን፣ የፋርሱንና የሂጅራውን አቆጣጠር ይዞ ሲመጣ የእኛን አልያዘም። በዚህ ምክንያት እያንዳንዱ ቡድን የቀን መለወጫውን ራሱ ይጽፋል፤ ሲጽፍም አንድ ቦታ ብቻ አይጽፍም። እኔ ባዛወርኩት ሲስተም ሦስት አግኝቻለሁ፦ አንዱ በሲ ሻርፕ ኮድ፣ አንዱ በዳታቤዙ ፕሮሲጀር፣ አንዱ ቀን በሚመረጥበት ጃቫስክሪፕት ውስጥ። ሦስተኛው ጳጉሜ ሁልጊዜ 5 ቀን ይመስለው ነበር። ጳጉሜ 6 ቀን 2011 የገባ አንድም መዝገብ የለም፤ ሠራተኞቹ የዚያን ቀን ሥራ መስከረም 1 ብለው አስገብተውታል። አዲሱ ሲስተም ያንን ያርመው ወይስ እንዳለ ይሸከመው? ይህን የሚወስነው ፕሮግራመሩ ሳይሆን ሒሳብ ክፍሉ ነው፤ ሒሳብ ክፍሉ እስኪሰበሰብ ሁለት ሳምንት አለፈ። በግምት ሰነድ ላይ «የደንበኛ ውሳኔ የምንጠብቅበት ጊዜ» የሚል መስመር ሳይ የጻፈው ሰው አንድ ጊዜ እንደተቃጠለ ይገባኛል።

ዳታውን ከኮዱ ለይቶ የገመተም ነጥብ ያገኛል። የድሮ ሰንጠረዦች ስም የሚያስቀምጡበት አምድ ዩኒኮድ በማይቀበል ዓይነት ተሠርቶ ከሆነ፣ የገባው አማርኛ የጥያቄ ምልክት ሰልፍ ሆኖ ይቀመጣል። ያ ስም በምንም ዘዴ አይመለስም፤ ወረቀቱ ከመዝገብ ቤት ወጥቶ እንደገና መጻፍ አለበት። ይህ ደግሞ የጸሐፊ እንጂ የዴቨሎፐር ቀን አይደለም፤ ዋጋውም ለየቅል ነው። በክሪስታል ሪፖርትስ የተሠሩ ሪፖርቶችም አብረው አይሻገሩም፤ ኮር ላይ ስለማይሠራ አንድ በአንድ በሌላ መሣሪያ ይሠራሉ፣ የፊርማና የማኅተም ቦታቸው ሳይቀር።

«መጠባበቂያ 20 በመቶ» የሚለው አያስደስተኝም፤ የምን መጠባበቂያ? «ከ5 እስከ 8 ወር፤ 8 የሚሆነው የድሮው የይለፍ ቃል አቀማመጥ ካልተፈታልን ነው» የሚለው ግን ሊከራከሩት የሚቻል ቁጥር ነው።

ከሁሉ አስበልጬ የማከብረው «ይህን አታዛውሩ» ለማለት የሚደፍረውን ነው። ዌብ ፎርምስ በዶት ኔት ፍሬምወርክ 4.8 ላይ ዛሬም ይሠራል፤ ሁሉም በአንድ ጀንበር ይነሣ የሚል ሕግ የለም። አንድ ልጅ የሰርቨሩን ሎግ ቆጥሮ ማንም የማይከፍታቸውን ገጾች ለይቶ አመጣልኝ። ደስ ብሎኝ ስንት ወር እንዳየ ጠየቅኩት፤ «ከነሐሴ እስከ ሰኔ መባቻ» አለኝ። ዝርዝሩን ገለጥኩት። ከሚጣሉት ገጾች አናት ላይ የበጀት ዓመት መዝጊያው ተቀምጧል፤ ሰኔ 30 መሥሪያ ቤቱ በሙሉ የሚሻማበት ገጽ።