ሲሶው ሞላ፣ አልጋው ግን አልተለቀቀም

እግራችሁ በድንገት አበጠ እንበል። ሐኪሙ ጥልቁ የደም ስር ውስጥ ደም ሳይረጋ አልቀረም ብሎ ጠረጠረ። ድሮ ቢሆን ሄፓሪን የተባለው ደም ማቅጠኛ በደም ስር ያለማቋረጥ ይሰጥ ስለነበር ለቀናት ሆስፒታል መተኛት ግድ ነበር። አሁን ግን ከቆዳ ስር በቀን አንዴ ወይም ሁለቴ የሚወጋ፣ በአፍ የሚዋጥም መድኃኒት አለ። የደም ምርመራውና አልትራሳውንዱ በዕለቱ ካለቀ፣ መድኃኒታችሁን ይዛችሁ ማታ ቤታችሁ ትገባላችሁ።

እንግሊዝ ውስጥ ይህ አሠራር «የዕለቱ ድንገተኛ ሕክምና» ይባላል። ሐሳቡ ቀላል ነው፦ ሰውየው የሚያስፈልገው ምርመራና ልምድ ያለው ሐኪም እንጂ አልጋ ካልሆነ፣ ለምን እናስተኛዋለን? ኤን ኤች ኤስ የሚባለው የአገሪቱ የሕዝብ ጤና አገልግሎት በ2019 እ.ኤ.አ. ባወጣው የረጅም ጊዜ ዕቅድ፣ ዋና ድንገተኛ ክፍል ያላቸው ሆስፒታሎች በሙሉ ይህን አገልግሎት በቀን 12 ሰዓት፣ በሳምንት 7 ቀን እንዲሰጡ ጠይቋል። ግቡንም በቁጥር አስቀመጠ፦ በድንገተኛ ገብተው በዚያው ቀን የሚወጡት ከአንድ አምስተኛ ወደ ሲሶ ከፍ እንዲሉ።

ሐሳቡን እወደዋለሁ። ጠቤ ከቁጥሩ ጋር ነው። እስቲ ወረቀት አውጡና አብረን እናስላ።

አንድ ሆስፒታል በድንገተኛ 100 ሰው ያስገባል እንበል። 20ው በዕለቱ ይወጣሉ፣ 80ው ይተኛሉ። አሁን ወደ ሲሶ የሚያደርሱ ሁለት መንገዶች አሉ።

አንደኛው፣ ይተኙ ከነበሩት 80 ሰዎች 13ቱን በዕለቱ አክሞ መሸኘት ነው። 33 ሰው ወጣ፣ የተኙት 67 ብቻ ሆኑ። እውነተኛ ለውጥ!

ሁለተኛው፣ ድሮም ቢሆን ድንገተኛ ክፍል ታይተው ወደ ቤታቸው ይሄዱ የነበሩ ሌሎች 20 ሰዎችን ወደ አዲሱ ክፍል ልኮ «ገቡ፣ ወጡ» ብሎ መመዝገብ ነው። አሁን የገቡት 120፣ በዕለቱ የወጡት 40 ናቸው። 40 ለ120 ሲካፈል ልክ ሲሶ! የተኙትስ? አሁንም 80።

አያችሁ? አንድም አልጋ ሳይለቀቅ ግቡ ተመታ፤ እንዲያውም ሪፖርቱ ላይ ሁለተኛው ከአንደኛው በትንሹ ይበልጣል። ለዚህ ደግሞ ማንም መዋሸት አያስፈልገውም። የተከፈተ በር ያየ ሐኪም ታካሚ ይልክበታል፣ በቃ። በዚያ ላይ በብዙ ሆስፒታሎች በዚህ ክፍል የታከመ ሰው ለዓመታት «የገባ ታካሚ» ተብሎ ሲመዘገብ ኖሯል። መግባትን ለመቀነስ የተፈጠረው አገልግሎት የገቢዎችን ቁጥር ያበዛል ማለት ነው።

ሌላም አለ። በምህንድስና ስለ ወረፋ ስንማር የምናገኘው፣ ጆን ሊትል በ1961 እ.ኤ.አ. ያረጋገጠው ሕግ አለ። ወደ ሆስፒታል ስናመጣው እንዲህ ይላል፦ በአማካይ የተያዙ አልጋዎች ብዛት በቀን የሚገቡት ሰዎች በአማካይ የቆይታ ቀናቸው ተባዝቶ ነው። አንድ ሌሊት ብቻ የሚያድሩ 10 ሰዎች የሚይዙት አልጋ፣ 10 ሌሊት ከሚቆይ አንድ ሰው ጋር እኩል ነው። በዕለቱ ለመሸኘት የሚቀሉት ደግሞ ብዙ ጊዜ አጭር የሚቆዩት ናቸው። ሕክምናቸውን ጨርሰው ቤት የሚረዳቸው ሰው እስኪገኝ የሚጠብቁ አረጋውያን ካልወጡ፣ መግቢያው በር ላይ ብቻ መድከም አልጋ አያስለቅቅም።

ታዲያ አገልግሎቱ ከንቱ ነው? በፍጹም። አቅመ ደካማ ለሆነ አዛውንት አልጋ ላይ መዋል ራሱ ጉዳት አለው፤ ጡንቻ ይሟሽሻል፣ ለሆስፒታል ኢንፌክሽን ይጋለጣል። የተረፈች አንዲት ሌሊትም ዋጋ አላት። ግን ሆስፒታሉ ሲጨናነቅ ያ ክፍል ራሱ የማደሪያ አልጋ ከሆነ፣ ጠዋት የሚመጣው ታካሚ የሚታከምበት ቦታ ያጣል።

ስለዚህ ከሲሶው ይልቅ ሦስት ጥያቄ ይጠየቅ፦ ይህ ክፍል ባይኖር ሰውየው ያን ሌሊት የት ያድር ነበር? ከተሸኙት ስንቱ በሳምንት ውስጥ ተመልሶ መጣ? ጠቅላላው የአልጋ ሌሊት ቀነሰ ወይ? የመጀመሪያው ለመመለስ ከባድ ነው፤ ያልሆነውን መገመት ይጠይቃልና። ግን ሙሉው ጉዳይ ያለው እዚያ ነው።

እናንተም «ይህን ያህል እጅ አደገ» የሚል ዜና ስታዩ፣ ከላይኛው ቁጥር በፊት የታችኛውን ጠይቁ፦ ማን ተጨምሮበት ነው?