አራት እጥፍ፦ የተበደለው ሰው በንስሐ ውስጥ

በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ንስሐ ከሰባቱ ምሥጢራት አንዱ ነው። ተነሳሒው ይጸጸታል፣ ለንስሐ አባቱ ይናዘዛል፣ የተሰጠውን ቀኖና በጾም፣ በስግደትና በምጽዋት ይፈጽማል። እግዚአብሔር አለ፤ ካህኑ አለ፤ ኃጢአተኛው አለ። የተበደለውስ የት ነው? ስብከታችን ይህን ጥያቄ ቶሎ ያልፈዋል።

ዳዊት ኦርዮን አስገድሎ ሚስቱን ወሰደ። ነቢዩ ናታን፣ ባለጠጋው የድኻውን አንዲት በግ ነጥቆ ለእንግዳው እንዳረደ ሲነግረው ንጉሡ ተቆጣና ሰውየው ሞት እንደሚገባው፣ ስለ በጊቱም አራት እጥፍ መክፈል እንዳለበት ፈረደ (2ኛ ሳሙ. 12)። የአራት እጥፉ ፍርድ ስለ በግ ሌባ የተደነገገውን የዘፀአት ሕግ የተከተለ ነው። ሰውየው ራሱ መሆኑን ሲያውቅ ግን ስለ ካሳ የተነሣ ቃል የለም። ለዚህ ታሪክ የሚጠቀሰው መዝሙር 50 በደሉን በእግዚአብሔር ላይ ብቻ የተፈጸመ አድርጎ ይናዘዛል፤ ኦርዮ በጸሎቱ ውስጥ አይጠራም። በደል ሁሉ ከሥሩ በፈጣሪ ላይ ማመፅ መሆኑን መዝሙሩ ማስተማሩን አልክድም፤ የሞተ ሰውም ካሳ አይቀበልም። ችግሩ መዝሙሩን ብቸኛ የንስሐ አብነት ስናደርገው ነው።

የኢያሪኮው ዘኬዎስ በሌላ መንገድ ሄዷል። በኦሪት ሕግ በደሉን በራሱ አንደበት የተናዘዘ ሰው የወሰደውን መልሶ አንድ አምስተኛ ይጨምራል (ዘኍ. 5)። የቀራጮቹ አለቃ ዘኬዎስ ግን የሀብቱን እኩሌታ ለድኾች ከሰጠ በኋላ፣ ለበደላቸው ሰዎች የበግ ሌባን ቅጣት፣ አራት እጥፍ፣ በራሱ ላይ ፈረደ። ዳዊት በሌላው ላይ የፈረደውን ዘኬዎስ ራሱ ሊከፍል ተነሣ። መዳን ለዚያ ቤት እንደ ሆነለት ክርስቶስ የተናገረውም ከዚህ ቃል በኋላ ነው (ሉቃ. 19)።

በተአምረ ማርያም የሚነገረው የበላኤ ሰብእ ታሪክ ለንስሐ ስብከት ብዙ ያገለግላል። 78 ነፍስ የበላው ሰው በእመቤታችን ስም ለተጠማ ለምጻም የሰጠው ጥርኝ ውኃ በሚዛን አሸነፈለት። በእኔ ንባብ ይህ የምሕረትና የቃል ኪዳን ታሪክ ነው፤ የንስሐ ሥርዓት መለኪያ ልናደርገው ስንሞክር ከዓላማው ውጭ እናውለዋለን። የተበሉት ሰባ ስምንቱ በታሪኩ ውስጥ ድምፅ የላቸውም፤ ተራኪው ሊያሳይ የፈለገው የምሕረቱን ስፋት ነውና።

ሕዝቡ ግን ክፍተቱን በራሱ ባህል ሞልቶታል። ደም በሚደርቅበት ሽምግልና ገዳዩ ድንጋይ ተሸክሞ በሟች ወገን ፊት ይወድቃል፤ ካህናት መስቀል ይዘው በመካከል ይቆማሉ፤ ካሳው ይቆረጣል። እዚህ በዳይ ዐይን ለዐይን የሚተያየው ከበደለው ወገን ጋር ነው። የኑዛዜ ምሥጢር መጠበቅ ስላለበት የንስሐ አባት ይህን አደባባይ ሊከፍት አይችልም፤ ተነሳሒው ራሱ እንዲሄድ ማዘዝ ግን ይችላል። በማቴዎስ 5 መሥዋዕቱን በመሠዊያው ፊት ትቶ አስቀድሞ ከወንድሙ ጋር እንዲታረቅ የተነገረው ሰው ቅደም ተከተሉ ተቀምጦለታል። የተሰረቀው ገንዘብ ሳይመለስ የስግደት ቁጥር የሚሰጥ ቀኖና ይህን ቅደም ተከተል ይገለብጠዋል።