ከኮርኒስ በላይ ያለው ሥራ

አዋሽ ሰባት ኪሎ ከባሕር ወለል በላይ 900 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስትገኝ፣ አሳይታን ተክታ የአፋር ክልል ርእሰ ከተማ የሆነችው ሰመራ ደግሞ ከ450 ሜትር የማይበልጥ ከፍታ ያላት በመሆኗ፣ በሁለቱም ከተሞች የቤትን አየር ማስተካከል ማለት በተግባር ማቀዝቀዝ ማለት ነው። በአዋሽ የታኅሣሥና የጥር ሌሊቶች ቀዝቀዝ ቢሉም አንድ ጋቢ ይበቃቸዋል፤ በሰኔ የሰመራ ቀን 40 ዲግሪ ሴልሺየስን ሲያልፍ ግን ሁለት ባለሙያዎች በአንድ ዓይነት ማሽን የሠሯቸው ሁለት ቤቶች እጅግ የተለያዩ ሆነው ይገኛሉ፤ ልዩነቱም አብዛኛውን ጊዜ የሚመነጨው ከማሽኑ ሳይሆን ዐይን ከማያየው ቦታ፣ ማለትም ከኮርኒሱ በላይ ነው።

በተራው መኖሪያ ቤት የሚታየው የጣሪያ ቬንቲሌተር ወይም ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ኤሲ ነው። የአየር ቱቦ፣ በባለሙያዎች አጠራር ዳክት፣ የሚመጣው አንድ ማሽን ብዙ ክፍሎችን እንዲያቀዘቅዝ ሲፈለግ ሲሆን፣ ይህም በሆቴሎች፣ በአዳራሾች፣ በቢሮዎችና አንዳንዴም በሰፋፊ ቪላዎች ያጋጥማል። ቱቦው ከላሜራ ተቆርጦና ታጥፎ የሚሠራ፣ ወይም በሽቦ ጥምጥም ላይ የተወጠረ ተጣጣፊ ልባስ ሲሆን፣ አንደኛው መስመር ቀዝቃዛውን አየር ወደ ክፍሎች ያደርሳል፤ ሁለተኛው፣ ማለትም የመመለሻው መስመር፣ የሞቀውን አየር መልሶ ወደ ማሽኑ ይወስዳል።

ሥራን ለመመዘን አስቀድሞ ከቱቦው የሚያመልጠውን የአየር ፍሳሽ ጠባይ መለየት ያስፈልጋል። የማድረሻው መስመር በመጋጠሚያው ላይ ክፍተት ካለው፣ የተከፈለበት ቅዝቃዜ በኮርኒሱና በቆርቆሮው መካከል ባለው እሳት በሚመስል ባዶ ቦታ ይበተናል፤ ወደ ክፍሉ ከገባው ይልቅ ከክፍሉ የሚሳበው አየር ስለሚበልጥም፣ ጉድለቱን የሚሞላው የውጭ ሙቀትና የሜዳው አቧራ በመስኮትና በበር ስንጥቅ ሰርጎ ይገባል። የመመለሻው መስመር ሲያፈስ ደግሞ ነገሩ የከፋ ነው፤ ማሽኑ ከክፍሉ አየር ጋር ፀሐይ የጠበሰውን የቆርቆሮ ሥር አየር ጭምር እየሳበ ያንኑ ለማቀዝቀዝ ሲደክም ይውላል። የአሜሪካው የኢነርጂ ስታር መርሐ ግብር በዚያ አገር በተራ ቤት በቱቦ ውስጥ ከሚጓዘው አየር ከ20 እስከ 30 በመቶ የሚሆነው በፍሳሽና በተበላሸ መጋጠሚያ እንደሚጠፋ ይገምታል፤ ይህ ግን የሰመራን ቆርቆሮ ታሳቢ ያላደረገ ግምት ነው።

የባለሙያው እጅ ከሁሉ ይልቅ የሚታወቀው በመጋጠሚያው ነው። ሁለት የላሜራ ቁርጥራጮች የሚገናኙበት፣ ቅርንጫፉ ከዋናው መስመር የሚወጣበት፣ የመውጫው አፍ ሳጥን ከኮርኒሱ ጋር የሚገጥምበት ስፍራ በመጀመሪያ በብሎን ወይም በሪቬት መያያዝ፣ ከዚያ መታሸግ አለበት፤ ማሸጊያ ክብደት እንዲሸከም የተተወበት መጋጠሚያ ውሎ አድሮ መላቀቁ አይቀርም። ለማሸግ የተሻለው ማስቲክ የሚባለው፣ በብሩሽ የሚቀባና ሲደርቅም ሳይሰነጠቅ የሚለጠጥ ወፍራም ቅብ ነው። ከሥሩ ያለው ላሜራ እስከማይታይ ድረስ፣ ሁለት ሚሊ ሜትር ያህል ውፍረት ይዞ፣ ከስንጥቁ ግራና ቀኝ ተርፎ መለጠፍ ይኖርበታል፤ ክፍተቱ ከስድስት ሚሊ ሜትር የሰፋ እንደሆነም መጀመሪያ የመረብ ጨርቅ ይለጠፍበታል። መልኩ አያምርም፤ የጣት አሻራና የብሩሽ መስመር የሞላበት መጋጠሚያ በብር ቀለም ፕላስተር ተጠቅልሎ ከሚያብለጨልጨው ይልቅ ሊታመን እንደሚገባ የሚያውቅ ደንበኛ ግን ጥቂት ነው። ግራጫው የጨርቅ ፕላስተር በእንግሊዝኛ ስሙን የወሰደው ከአየር ቱቦ ቢሆንም፣ በካሊፎርኒያ የሎረንስ በርክሊ ብሔራዊ ቤተ ሙከራ ተመራማሪዎች ማክስ ሸርማንና ኢየን ዎከር እ.ኤ.አ. በ1998 ይፋ ባደረጉት ሙከራ፣ ሙቀትና ቅዝቃዜ ሲፈራረቅበት በአስተማማኝነት የወደቀው እርሱው ነበር። ሙጫው በሙቀት ስለሚደርቅ ጠርዙ ተጠቅልሎ ይነሳል፤ ከኮርኒስ በላይ እንዲህ ያለ ጠርዝ ያየ ተቆጣጣሪ ሌላ ማስረጃ አያሻውም።

ለአሮጌ ሥራ ምርመራ ደግሞ አቧራ ራሱ ይመሰክራል። በቱቦው ላይ የተጠቀለለው የመስታወት ሱፍ፣ ማለትም ሙቀት እንዳይዘልቅ የሚከላከለው ልባስ፣ አየር ሲያልፍበት እንደ ማጣሪያ ስለሚሆን ከስንጥቁ ትይዩ ይጠቁራል፤ በእነዚህ ከተሞች ጥቁረቱ ለመታየት ረጅም ጊዜ አይፈልግም። ልባሱን ገልጦ ከሥሩ ሳያሽጉ ጥቁሩን ክፍል ብቻ ቆርጦ በአዲስ መተካት ጥገና ሳይሆን ምስክርን ማጥፋት ነው።

ተጣጣፊው ቱቦ ሌላ ዓይነት ዐይን ይጠይቃል። ሳይወጠር የተተወ ቱቦ ውስጡ እየተሸበሸበ አየሩን ያዘገየዋል፤ በየ1.2 ሜትሩ ያህል በሰፊ ማንጠልጠያ ካልተያዘም እንደ ልብስ ገመድ ይረግባል፤ በቀጭን ሽቦ የታነቀ እንደሆነ ደግሞ ጉሮሮው ይጠብባል። እጥፋቱ ከቱቦው ስፋት ባነሰ ክብ ሲጠማዘዝ የመጨረሻው ክፍል እንደሚሞቅ ሳይለኩ መናገር ይቻላል።

ይሁን እንጂ ማሸግ ብቻውን ሙያ አይደለም። የአፋር ሴቶች ዘንጎችን አጉብጠው በዘምባባ ሰሌን የሚያለብሱት ደቦይታ፣ ሰሌኑን እንደ ነፋሱና እንደ ፀሐዩ ማንሳትና ማውረድ የሚያስችል ቤት ነው፤ በርሱ ዘንድ መዝጋትና መክፈት የአንድ ዕውቀት ሁለት ገጽ ናቸው። በቱቦ በሚቀዘቅዝ ቤትም ወደ መኝታ ክፍል የገባው አየር በሩ ሲዘጋ የሚመለስበት መንገድ ይፈልጋል፤ ከበሩ ሥር በቂ ክፍተት ወይም በግድግዳው ላይ የመመለሻ አፍ ካልተተወ ክፍሉ ይታፈናል፣ አዲስ ቅዝቃዜም አይገባም። ስለዚህ በሩን በጎማ ጠርዝ ሙሉ በሙሉ የዘጋ ባለሙያ ምን አሽጎ ምን ክፍት መተው እንዳለበት አልለየም።

ፍተሻው ከባድ መሣሪያ የሚጠይቀው ለትልቅ ሕንጻ ሲሆን ነው፤ በዚያ አፎቹ ሁሉ ተሸፍነው ቱቦው በተወሰነ ግፊት ይነፋና የሚያመልጠው አየር ይለካል። ለቤት ግን ቴርሞሜትርና ዕጣን ይበቃሉ። የዕጣኑ ጭስ ከመመለሻው መስመር መጋጠሚያ አጠገብ ሲያዝ ወደ ውስጥ ከተሳበ፣ ከማድረሻው አጠገብ ደግሞ ከተገፋና ከተበተነ፣ በዚያ ስፍራ ስንጥቅ አለ። ለማሽኑ ቅርብ የሆነው አፍና የሩቁ አፍ በቴርሞሜትር ሲለኩ ጎልቶ የሚታይ ልዩነት ካላቸው፣ ቱቦው በመንገድ ላይ ሙቀት እየሳበ ወይም ልባሱ ሳስቶ ነው። አብዛኛው ደንበኛ ቅርቡ አፍ ላይ እጁን ዘርግቶ በቅዝቃዜው ረክቶ ይፈርማል፤ የሚያኮርፈው ግን የሩቁ ክፍል ነዋሪ ነው።

የግድግዳ ኤሲ ባለው ቤት ይኸው መለኪያ ወደ አንዲት ቀዳዳ ይጠባል፦ የመዳቡ ቱቦዎችና የውሃ ማፍሰሻው የሚያልፉባት የብሎኬት ቀዳዳ ወደ ውጭ ዘንበል ብላ መበሳት፣ ዙሪያዋ በፎም ወይም በሲሊኮን መሞላት፣ ሁለቱም መዳቦች ለየብቻ ልባስ መልበስ፣ የውጭው ልባስ ደግሞ ፀሐይ እንዳይሰነጥቀው መጠቅለል ይኖርበታል።

የርክክቡ ሰዓትም የሥራው አካል ነው። ማለዳ ላይ ቆርቆሮው ገና ሳይግል ማንኛውም ቱቦ ጥሩ ይመስላልና፣ የሚያውቅ ደንበኛ ባለሙያውን ለርክክብ የሚቀጥረው ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ፣ የመኝታ ቤቱ በር ተዘግቶ፣ ማሽኑ ቢያንስ አንድ ሰዓት ከሠራ በኋላ ነው።